ቀድሞ የመጣው ሚካኤል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 1977

ሙሉጌታ ዛሬም የሰሊጥ መስመሩን ሳይጨርስ መሸ። የቀረውን እኔ አጨድኩለት። የእርሻው ወኪል አየን፤ አስተያየቱን አልወደድኩትም። መስመር መጨረስ ያቃተውን በሎሪ ጭኖ እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ ገበያ ላይ ነው የሚያራግፈው። ዶካ ደግሞ ረሃብ ያባረረው ያገራችን ሰው ሞልቷል። ማን ማንን ያበላል?

ሙሉጌታ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። ከቤት ስንወጣ አክስቴ «አደራህን» ብላ እጁን በእጄ አስያዘችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ሰሊጡ ደርቋል፣ ይረግፋል ተብሎ የዓርቡም የእሑዱም ዕረፍት ቀርቷል። ለምሳ መቀመጥም ቀርቷል። የማሽላ ገንፎውን ቆመን እንውጣለን፣ ውሃ እንጠጣለን፣ እንደገና ማጭድ። የገበሬ ልጆች ነን፤ ድካም አዲሳችን አይደለም። ግን አገር ቤት አጭደህ አጭደህ ዛፍ ሥር ጋደም ትላለህ፣ ጉልበትህም ይመለሳል። እዚህ የወጣ ጉልበት አይመለስም።

ወኪሉ የሚፈራው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የኅዳር ሚካኤልን። አምና በዕለቱ በግድ ሲያሠራ የሰሊጥ ክምሩ ተቃጠለበት አሉ። እስላም ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሚካኤልን አይነካም።

ደብተር ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ማታ ከሁላችንም ሽማግሌው ጋሼ ተገኘ፣ የተጋደመውን ሙሉጌታን እያየ፣ ለሚካኤል ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቀኝ።

«ነገ ነው» አልኩ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ለነሱ 12 ነው። ሚካኤል ነው ሲሉት ወኪሉ ሳይከራከር ሄደ። ሙሉጌታ ቀኑን ሙሉ ተኛ፤ የነቃው ለመብላት ብቻ ነው። ሌሎቹ ልብሳቸውን አጠቡ፣ ተጫወቱ። ሰው ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

«እንኳን አደረሰህ» ሲሉኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጨረሰ! መስመሩን ከእኔ ቀድሞ ጨረሰ። «ሚካኤል አበረታኝ» አለኝ። በውሸቴ ደስ አለኝ፤ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ዛሬ ነው። አክስቴ በሕይወት ካለች ደጀ ሰላም ቆማ የልጇን ስም እየጠራች ነው። እኛ እናጭዳለን።

ረፋዱ ላይ ሙሉጌታ ተቀመጠ። ተነስ አልኩት። እሺ አለኝ እንጂ አልተነሳም። የአንድ ቀን ዕረፍት የሚበቃው ለአንድ ቀን ነው፤ እኔ ሞኙ ሌላ መስሎኝ ነበር። ወኪሉ ሙሉጌታን ነገ ጧት በሎሪ ይሄዳል አለ። አብሬው እሄዳለሁ አልኩት፤ እንደፈለግህ አለኝ። አደራ ነውና ሁለታችንም ዶካ ላይ እንራገፋለን።

ከሥራ እንደወጣን የቀን ቆጠራውን ለጋሼ ተገኘ ላስረክብ ሄድኩ። ቀኑን ማሳሳቴንም ነገርኩት። አልደነገጠም። ከኪሱ ብዙ ቦታ የተቋጠረ ክር አወጣ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ እኔም እቆጥራለሁ። ጉልበቴ አልቆ ነበርና ዝም አልኩ።»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማርያም ናት፣ ያኔ ታርፋላችሁ አልኩት፤ ላጽናናው ብዬ።

«ማርያምን የሚፈራ ወኪል የለም» አለኝ። ክሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ሙሉጌታ አጠገቤ ተኝቷል። ሎሪው እስኪመጣ አልቀሰቅሰውም።