መሀለኛዋ ቫልቭ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይደገፋሉ? እናቴንስ እንቅልፍ እንዴት አድርጓታል? ያ የጓዳው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል ወይስ ታግለው አሸነፉት? እኔም ታናሼም እስትንፋሳችን አለ። ይህን ለወግ ያልኩት አይምሰልዎ፤ የምጽፍልዎ ስለ እሱው ነው።

ሥራዬን ያውቁታል። ታናሼ የመርከብ ሆድ ሊፍቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ በጀርባው የሚሸከማቸውን ሁለት የአየር ሲሊንደሮች የማጣምረው እኔ ነኝ። እርስዎ ዕድሜዎን በቧንቧ ሥራ ስለፈጁ ነገሩ አይቸግርዎትም። የሁለቱን አንገት አንዲት አጭር ቱቦ ታገናኛለች፤ በቱቦዋ መሀል አንዲት ቫልቭ አለች። በግራና በቀኝ ደግሞ የታመቀውን አየር ለሳንባ በሚስማማ ልክ የሚያቀብሉ ሁለት ሬጉሌተሮች ይታሰራሉ። መሀለኛዋ ቫልቭ ክፍት ከሆነች ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ አንድ ናቸው፤ ከተዘጋች ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ አዲስ አለቃ ሾሙብን። ስሙን ጽፌ ወረቀት አላበላሽም፤ እኛ ባለ ደብተሩ እንለዋለን። አባባ፣ ሰውየው እጅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በመጣ በሳምንቱ በጣት ብቻ የሚጠብቀውን ሬጉሌተር በመፍቻ አንቆ አየር እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ቆረጠው። ቫልቩን ሲከፍተው ግቢው በፉጨት ተናወጠ፣ እሱ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ወጣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በነጋታውም ሕግ አወጣልን፤ ሲሊንደር ያጣመረ ሰው ለጠላቂው ከመስጠቱ በፊት ዝርዝሩን ጮክ ብሎ እያነበበ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእጁ ይንካ አለ። ቀኝ ክፍት፣ መሀል ክፍት፣ ግራ ክፍት እያልኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሰውዬ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጮህ! እሱ ራሱ ሲያነብ ቢያዩትማ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። በአንድ ጣቱ መስመሩን ይከተላል፣ በሌላው ቫልቩን ይፈልጋል፤ አንዱን ሲያገኝ ሌላው ይጠፋዋል። እኔ አምስት ጥንድ በምጨርስበት ጊዜ እሱ አንዱን አይጨርስም።

ባለፈው ሐሙስ የቀኙን ጎሚኒ ለመቀየር መሀለኛዋን ዘግቼ የቀኙን አየር ብቻ አስወጣሁ። ጎሚኒውን ቀየርኩ፣ ሲሊንደሩን መልሼ ሞላሁ፣ ሬጉሌተሮቹን አሰርኩ። ባለ ደብተሩ አጠገቤ ቆሞ ዝርዝሩን አነበብክ ወይ አለኝ። እሱን ለማብሸቅ ስል፣ ዓይኑን እያየሁት፣ ሳላነብ ፈረምኩና ጥንዱን ለታናሼ አሸከምኩት። ጠላቂዎቹ ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም።

መሀለኛዋን አልከፈትኳትም ነበር።

ልጅዎ የሚተነፍሰው ከቀኙ ነው፤ የግፊት መለኪያው የተንጠለጠለው ግን በግራው በኩል ነበር። ቀኙ እያለቀ መርፌው ሙሉ ነው ይለዋል። በመርከቡ ሆድ ሥር እንዳለ አየሩ ድንገት አፉ ላይ ደረቀበት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የግራውን ሬጉሌተር ፈልጎ አፉ ውስጥ እስኪከት ድረስ ምን እንዳሰበ እስካሁን አልነገረኝም። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ባለ ደብተሩ ማን እንደዘጋት ሲጠይቅ ታናሼ ቀደመኝ። ማሰሪያውን ሳስተካክል እኔው ነክቻት ነው አለ። ሦስት ወር እንዳይጠልቅ አገዱትና ከግቢው ዳር ዝገት እንዲፍቅ ሰደዱት። እኔስ? አራት ቀን ዝም አልኩ። ከቤት ስንወጣ እሱን አደራ ብለውኝ አልነበር? ለዚያ ሰው አጥፍቻለሁ ከምል ምላሴ ቢቆረጥ መርጬ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ለካ ለእኔ ኖሯል። ወንድሜ አጎንብሶ ዝገት ሲፍቅ ሳየው፣ ባለ ደብተሩን ከናቅሁት ይልቅ ራሴን ናቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ገብቼ ነገርኩት። ይሳለቅብኛል ብዬ ነበር፤ ቢሳለቅብኝ እኮ አሁንም እሱን የምንቅበት ነገር አላጣም ነበር። እሱ ግን ታናሼን አስጠርቶ እገዳውን አነሳለት። ከዚያ ነገ ሲሊንደርህን ማን ያጣምርልህ ብሎ ጠየቀው። ያ የእኔን ጥፋት በራሱ ላይ የወሰደ ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም።

«እርስዎ ቢያጣምሩልኝ» አለው።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባባ፣ ታናሼ ሲጽፍልዎ ቫልቯ በራሷ ዞራ ነው ይልዎታል። አይመኑት።

ለእናቴ ሲያነቡላት ውኃ ውስጥ የሆነውን ይዝለሉላት። እትዬን ከነባሏ፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ ጥርሷን አላስነቅልም ብላ የምትሰቃየውን አክስቴን፣ ግድግዳ የምንጋራውን ልብስ ሰፊም ጭምር በየተራ ይሳሙልኝ። የእርስዎን ጉልበት እኔ ስሜያለሁ።

ታላቁ ልጅዎ

ከሲሊንደር ክፍሉ ጀርባ ካለችው ማደሪያችን፣
ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን