ዘፋኞችን በመጠበቅ የታወቁት የማኤስትሮ ኤርሜቴ ጋንዶልፊ የሕይወት ታሪክ

ማኤስትሮ ኤርሜቴ ጋንዶልፊ ከአባታቸው ከአይብ ሠሪው ከአቲሊዮ ጋንዶልፊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኖሪና ዛኔላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ከፓርማ ብዙም በማይርቅ የፖ ወንዝ ዳር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቆይቶ የጠጠረውን አይብ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ደህናውን ከተበላሸው በጆሮ ይለዩ ነበር። ልጃቸውም ማዳመጥን የተማሩት ከአይብ መጋዘን ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለዳል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብራቸው ቄስ ኦርጋን ተማሩ። ከዚያም ፓርማ በሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው በ1953 ዓ.ም. በፒያኖ ተመረቁ። ለዓመታት ፒያኖ እየተጫወቱ የኦፔራ ዘፋኞችን ካስጠኑ በኋላ በ1959 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የመሪነቱን በትር ይዘው በአንድ የኦፔራ ቲያትር ኦርኬስትራ ፊት ቆሙ። በተከታዩ ዓመት የቲያትር ቤቱን አልባሳት ይሰፉ ከነበሩት ከወይዘሮ ኢሶታ ፌራሪኒ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጆቻቸውን ሩጄሮንና ዲርቼን አፍርተዋል። ማዕድ ላይ እንኳ በሹካ ምት መቁጠር ስለማይተዉ፣ ወይዘሮ ኢሶታ “መቁጠሩን ተውና ብላ! የቶርቴሊ ፓስታው እንደሆነ ዘፈን አያውቅም” እያሉ ይቆጧቸው ነበር።

በሕይወታቸው ውስጥ አንድ ምሽት አለ፤ እሱን ዘለን ብናልፍ እሳቸውም ደስ አይላቸውም። ታናሽ እህታቸው ኤርሲሊያ ድምፀ መልካም ዘፋኝ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ክረምት ወንድም እየመራ እህት ዋናውን ክፍል ልትዘፍን ሆነ፤ መንደሩም በሙሉ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ኤርሲሊያ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት፣ “ኤርሜቴ፣ ረጅሟ ዜማ መሃል ላይ ትንፋሽ እንድወስድ ትንሽ ጠብቀኝ” ብለው ለመኑ። እሳቸው ግን ለእህቱ አዳላ መባልን ፈርተው፣ “ደራሲው ያልጻፈውን ትንፋሽ እኔ ከየት አመጣልሻለሁ?” አሉ።

አልጠበቁም። የኤርሲሊያ ድምፅ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ከላይኛው ሰገነትም የተመልካቹ የተቃውሞ ፉጨት ወረደ። አንዱማ፣ “ማኤስትሮ፣ ልጅቷ ትተንፍስ እንጂ! ባቡር ያመልጥሃል እንዴ?” ብሎ ጮኸ። በዚያ ቲያትር የቆየ ልማድ አለ። ጥፋቱ የመሪው ሲሆን፣ መሪው በትሩን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ በማድረግ ወደ ሰገነቱ ይዞራል፤ ፉጨቱ ይቆማል፤ ዜማውም እንደገና ይጀመራል። ማኤስትሮ አልዞሩም። እጃቸው መምታቱን ቀጠለ፤ እህታቸውም ፉጨቱን ብቻቸውን ተሸከሙት። ኤርሲሊያ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጡም፤ ክሬሞና ሄደው ልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ።

ማኤስትሮ የተመሰገኑበት ጥበብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ታች ጉድጓድ ውስጥ፣ ዘፋኙ ከላይ መብራት ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ቀኝ እጃቸው ምቱን ሲይዝ ግራቸው ዘፋኙን ይጠብቃል፤ ቃላቱን ያለ ድምፅ አብረው ይላሉ፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ የእሳቸውም ትከሻ ከፍ ይላል። ለቫዮሊኖቹ፣ “አትቅደሟት፣ ልጆቼ፤ እሷ እስክትደርስ እናንተ እዚያው ጠብቋት” ይሉ ነበር። በእሳቸው እጅ የድምፁ መሰበር የቀረለት ብዙ ዘፋኝ ዛሬ እዚህ ተገኝቷል። እሳቸው ግን በተጨበጨበላቸው ማግስት ሁሉ ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ “የሰውን ሁሉ ልጅ ጠብቄ የእናቴን ልጅ ሳልጠብቅ ቀረሁ” ይሉ ነበር።

በየገናው ከኤርሲሊያ ጋር አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ ስለ ሁሉም ነገር ይወራል፤ ስለዚያ ምሽት ግን ማንም አያነሳም። ቲያትሮች ማን ይዝፈን ብለው ባማከሯቸው ቁጥር የእህታቸው ስም አፋቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ፊቷን ታዞርብኛለች ብለው ፈሩ፤ በዚህ ፍርሃት ዕድሜያቸው አለቀ።

በ2011 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ኤርሲሊያ አጠገባቸው ተቀመጡ። ማኤስትሮ በደከመ ድምፅ፣ “የዚያን ምሽቱን ይቅር በይኝ” አሉ።

“እሱንማ ገና በማግስቱ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተ ሞኝ! እኔ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የምሮጠው፣ ‘ነዪ፣ እንደገና እንሞክረው’ ትለኛለህ ብዬ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መሪው አንተ አልነበርክም እንዴ? የሚያስጀምረው መሪው ነው።”

ማኤስትሮ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ኤርሲሊያም አለቀሱ። የሁለቱም የመድረክ ዕድሜ አልፎ ነበር።

ማኤስትሮ ኤርሜቴ ጋንዶልፊ በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው በዚያው ዓመት ጥቅምት 14 ቀን በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ኤርሲሊያን ትተዋል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ጸጸት በማይደርስበት ያሳርፍልን። ኤርሲሊያ ዛሬ እንዲዘምሩ ተጠይቀው ነበር፤ “የሚጠራኝ እሱ ነበር” ብለው እምቢ ብለዋል።