ሟቹ ሸሪፍ ከሚስቱ ጎን ስለቆመበት ማመልከቻ

ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዘርአ ዳዊት
የቤት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ደብረ ብርሃን

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የሰሞኑ ብርድ ምድጃ ካለበት ቢሮዎ ድረስ ደፍሮ እንደማይገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግቼ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻ በብዕር ስጽፍ የኖርኩት ደምመላሽ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ከማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ከመስከረም ጀምሮ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ እንደማይቀበሉ አሳውቀው ከኋላ ቀርነት ስላወጡን፣ ለመልመጃም አሥር ቀን ሙሉ ስለቸሩን አመሰግናለሁ። ደነባ ካለው የአክስቴ ልጅ የተዋስኩት የጽሕፈት መኪና አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ ይመታል፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ቅጥያው። በብዕር ሩብ ሰዓት የማይፈጅብኝ ገጽ ከጠዋት እስከ ምሳ ይወስድብኝ ጀመር፤ አንዲት ፊደል ከሳትኩም ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ነው። በሃምሳ ዓመታቸው ጣቶቼ አንደኛ ክፍል ገቡ።

ሁለተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ቁጥሩ እንዳይጎድል እዚሁ አስገባሁት። የማመልከቻ መቀበያው ቀን ሊያልፍ ሲል አምስት ሴቶች ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። እኔም አራት ካርቦን ደርቤ ለአምስቱም አንድ ማመልከቻ ብቻ መታሁና የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩት። የመታሁት ከአምስቱ የአንዷ፣ ባሏ ግንባር ላይ የሞተባት የአልታየች ታሪክ ነበር፤ ለሌሎቹም ይበቃል አልኩ። በርበሬ ነጋዴዋ ረሒማ ግን ባሏ ሸሪፍ አልሞተም። ባልና ሚስቱ የታመመች እናቷን ሊያስታምሙ አልዩ አምባ ወርደው ሦስት ወር ሲቆዩ፣ ቤታቸው ተትቷል ተብሎ ለሌላ ሊሰጥባቸው ስለሆነ ነው የመጣችው። ማንበብ አትችልም። አውራ ጣቷን ከማሳረፏ በፊት «የእናቴ ነገር ገብቷል ወይ፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም አለበት አልኳት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴዎ ፊት «ባለቤቴ ግንባር ላይ ከሞተ ወዲህ» የሚለው ሲነበብ፣ ሟቹ ቆቡን አውልቆ ከሚስቱ ጎን ቆሞ ነበር። እርስዎም አንድ ቃል ሳይጠይቋት ዋሾ ብለው ቤቱን በአሥራ አምስት ቀን እንድትለቅ ወሰኑ። ስለ ፍጥነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ የእኔ መኪና ያን ያህል አይፈጥንም።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዋሾው እኔ ነኝ። ረሒማ ዛሬም በአጠገቤ ስታልፍ «ደህና አደሩ» ትለኛለች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅጣቱን ለእኔ አድርገው ለእሷ አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጧት እለምናለሁ። ከአሥራ አምስቱ ቀን የቀረው ስድስት ነው።

ሥልጣኔዎን በሁለት ጣት እየተከተልኩ የምገኝ፣ ትሑት አገልጋይዎ
ደምመላሽ ተክለጊዮርጊስ
የቀድሞ ጸሐፊ፣ የአሁን ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ በማስታወቂያዎ መሠረት ሊያነቡት እንደማይችሉ አውቃለሁ። ግድ የለም። ረሒማ ሰኞ ጠዋት በርዎ ላይ ትቆማለች፤ ምን ደረሰብሽ ብለው ይጠይቋት። ታሪኳን ስትነግረኝ እኔም ጆሮዬ መኪናው ላይ ነበርና፣ እስካሁን ማንኛችንም አልሰማናትም።