«እትዬ ከልካይ»ን ስለማጣታችን ከኢንዛይም ክፍል የወጣ መግለጫ

…እትዬ ከልካይ ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል እንደያዙ «ቆሟል!» ብለው አጨበጨቡ፤ እኛም አብረን አጨበጨብን። በክፍላችን ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ቆሟል ማለት ኢንዛይሙ መቁረጡን ተወ፣ የሞከርነው ንጥረ ነገር ሠራ ማለት ነው። ከአስተዳደር የደወለው ሰው ግን የሚነግራቸው ሌላ ነበር። የቆመው ጥናቱ ነው። ከመካከላችን ማን ቀድሞ እጁን እንዳወረደ አናስታውስም።

የኢንዛይም ክፍል መሥራችና ኃላፊ የነበሩት እኚህ ሴት በድንገተኛ የልብ ሕመም ትናንት ማረፋቸውን በጥልቅ ሀዘን እንገልጻለን። «ጥልቅ ሀዘን» የተቋሙ ቃል ነው። የራሳችንን ፈልገን አጣን።

ክፍሉን ሲያቋቁሙ የተሰጣቸው አሮጌ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። መስኮቱ አይከፈትም፤ ማቀዝቀዣው በተነሳ ቁጥር መብራቱ ይደበዝዛል። በመርሳት በሽታ፣ በአልዛይመር፣ የሚጠረጠረውን ኢንዛይም ማጥናት የጀመሩት እዚያ ነው። ኢንዛይሙ በአንጎል ውስጥ አንድን ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ቁርጥራጩ ይጠራቀማል። መቁረጡን የሚከለክል ንጥረ ነገር ሲፈልጉ ዕድሜያቸው አለቀ።

«እትዬ ከልካይ» ያልናቸው ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ዳቦ ይዞ መግባት፣ በር ላይ ቆሞ ማውራት፣ «ይመስለኛል» ማለት ክልክል ነበር። «ይመስለኛልን ውጭ ሰቅለህ ግባ» ይሉ ነበር። ቅጽል ስሙ ጆሯቸው የደረሰ ቀን «ስሙስ ጥሩ ነው፤ ሥራው ነው እንጂ እምቢ ያለው» አሉ።

በመጀመሪያው ጥናት ንጥረ ነገሩ የተሰጠው በሽታው ለጸናባቸው ሕሙማን ነበር። ለውጥ አልታየም። የተቋሙ ቦርድ «አይሠራም» ብሎ ጥናቱን አስቆመ። እሳቸው «ዘግይተን ነው የሰጠነው፤ ገና ሲጀምራቸው እንሞክረው» አሉ። ሁለተኛ ጥናት እንዲፈቀድ እስከ መጨረሻው ተሟገቱ። ቦርዱ ለጽናታቸው የምስክር ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ጥናቱን አልፈቀደም።

በዚሁ መሃል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩት ባለቤታቸው፣ ተሳፋሪ እንደጫኑ፣ ለዓመታት የታጠፉበት መንገድ ጠፋቸው። የበሽታው ገና ጅምሩ ነበር። ንጥረ ነገሩ በማቀዝቀዣችን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ በእትዬ ኪስ። ከመካከላችን አንዱ «እትዬ፣ ማን ያያል?» አላቸው።

«እኔ አያለሁ» አሉ።

ቁልፉን ያን ዕለት ለምክትላቸው አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣው ወዳለበት ክፍል ብቻቸውን ገብተው አያውቁም። ያልተፈቀደ፣ ደህንነቱ ያልተረጋገጠ ነገር ለማንም አይሰጥም፤ ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆናቸውን የጻፍነው ግን ሦስት ጊዜ ሰርዘን ነው።

ለልጃቸው፣ ለእህታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለባለቤታቸው ምን እንደምንመኝ ግን አልተስማማንም። ልጃቸው መርዶውን ትናንት ነገረቻቸው፤ አለቀሱ። ዛሬ ጠዋት «እናትሽ የታለች?» ሲሏት እንደገና ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ አለቀሱ። ሦስተኛ አልነግራቸውም ብላለች።

ይህን መግለጫ ከማውጣታችን በፊት፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰቡን ልናጽናና ሄደን ነበር። በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው። ሸሚዛቸው በደንብ ተተኩሷል፤ አንዱ ቁልፍ ያለ ቦታው ገብቷል። ጥቁር ልብሳችንን ተራ በተራ አዩት።

«ከቢሮዋ ናችሁ?» አሉ። «ገና አልገባችም እኮ። ዛሬም ሥራ አብዝታችሁባት ነው አይደል?»

ዓይናችን ከኋላቸው ልጃቸውን ፈለገ።

«በሉ እንግዲህ፣ ስትመጣ መጥታችሁ ነበር እላታለሁ» አሉና በሩን ዘጉት።