ካምቢዮውን ማን ነካው

ውድ ጋሽ አስፋው፣

ዱራሜ ላይ ደህና እንደሆኑ ከሚኒባስ ሾፌሮች እሰማለሁ። እዚህ ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ የነበረው ጋራዥዎ አሁን የሲሚንቶ መሸጫ ሆኗል። በዚያ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ስምንት ወር ሙሉ እየጀመርኩ ስተወው ነበር፤ ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ።

ያን ማክሰኞ ያስታውሱታል። የአባቴን መኪና የፍሬን ሸራ ሊቀይሩ ቤታችን መጥተው፣ እግረ መንገድዎን የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያው አወጡና በጣትዎ አሸት አደረጉት። ጠቁሯል፣ መቀየር አለበት አሉ። አባቴ ግራ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ አውቶማቲክ ካልሆነ መንዳት ስለማይችል፣ መኪናዋን ፈልገው ያገኙለትም እርስዎ ነበሩ። ትክክለኛው ዘይት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ታገሱ ብለውን ሄዱ።

እኔ አልታገስኩም። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ቢሞላኝም አንድ ብሎን ፈትቼ አላውቅም ነበር። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኢንጂነራችን ነው» እያለ ሲያስተዋውቀኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እናም አንድ የካምቢዮ ዘይት ከሱቅ ገዛሁ፣ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ በቃ ቻልኩት አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴና አባቴ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታሁ። ዘይቱ ከሥር ባስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ ወረደ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የወጣውን ለክታችሁ ያንኑ ያህል መልሱ ይላል። መለኪያ ጆግ ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሳፋው የለም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉነሽ ወስደውት፣ ለምስጥ ፍቱን ነው እያሉ የጋራ አጥራችንን ምሰሶዎች በአሮጌ መጥረጊያ እየቀቡ ነበር። ምን ብዬ ልቆጣ? በሰፈራችን የተደፋ የመኪና ዘይት ሁሉ መጨረሻው አጥር ነው፤ ስንት ጊዜ እኔው ራሴ አቀብያቸዋለሁ።

ስለዚህ በግምት ሞላሁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱም ቀዝቃዛ እንደሆነ መለኪያውን ሳየው ሙሉ ይላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ መለካት እንዳለበት፣ አለዚያ የጎደለው ሙሉ እንደሚመስል ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰውዬው ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ተናግሮት ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

ቅዳሜ አባቴ የአርባ ዓመት ጓደኛውን ሊቀብር ወደ ፎንቆ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። እሱ መንገድ ዳር እንደቆመ ቀብሩ አለፈ። መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ስትገባ ፊቱን አይቶ የሚጠጋው ሰው አልነበረም። እርስዎ ተጠርተው መጡ። መለኪያውን ሲያወጡት ጫፉ ላይ ትንሽ ዘይት ብቻ ነበረች፤ እሷም አዲስ፣ ቀይ። ያኔ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኪሩቤል፣ ከእኔ በኋላ ካምቢዮውን የነካ ሰው አለ?»

አባቴ ያየኛል። ጎረቤቶች ያዩኛል፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ በመካከላቸው አልነበሩም።

«የለም» አልኩ።

እርስዎ አጥሩን ደገፍ ሲሉ እጅዎ ጠቆረ። ጣቶችዎን አሸት አሸት አድርገው አሸተቱ፤ ማክሰኞ ያዩት ያው የካምቢዮ ዘይት ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ እንዳወቁ አወቅኩ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። አባቴ ግን ማክሰኞ ከሥሯ የገባኸው አንተ፣ ታዲያ ማን ሊሆን ነው ብሎ በሰው ፊት አዋረደዎት። እርስዎ የመሣሪያ ሳጥንዎን ዘግተው ወጡ። በሩ ላይ ስሸኝዎት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እኔ አልነግረውም። አንተ ንገረው» አሉኝ።

አልነገርኩትም። ነገ እያልኩ አሳደርኩት። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሾፌሮቹ ጥፋትዎን ሲያወራ፣ እኔ ጎኑ ሆኜ ሻይ ጠጥቻለሁ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ መኪናቸውን ሌላ ጋራዥ መውሰድ ጀመሩ። እርስዎ ዕቃዎን ጭነው ወደ ባለቤትዎ አገር የሄዱ ቀን ለመሰናበት እንኳ አልመጣሁም። የሃያ ዓመት ስምዎን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይህንንም እያወቅኩ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ ጉልበቱን እያሸ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «አስፋውን እኮ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው» አለ። ይህን ደብዳቤ እንደገና የጀመርኩት ያኔ ነው። እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ለእሱ አነበብኩለት።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ያን ቀን «የለም» ስትል ስንት ሰው ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት ጎረቤት ቆጠርኩለት።

«እኔስ ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው ነገርኩ?» አለ።

ይህን ሁለታችንም መቁጠር አልቻልንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶቹ ይጠራሉ፣ እኔ እናገራለሁ። ሰኞ ሻይ ቤቱ ሄጄ ሾፌሮቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አባቴም የራሱን ይናገራል። ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሁለታችንም ዱራሜ እንመጣለን። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልዎት ይቅር እንዲሉኝ ለመለመን አይደለም። ሊያዩን ካልፈለጉ፣ በርዎን ለመዝጋት ጊዜ እንዲኖርዎት ነው።

በደለኛው
ኪሩቤል ኃይሉ
ሆሳዕና