በስልክ የሰማሽው በገና

እታለም፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሳምንት ሆነኝ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ግን አላውቅም። ስለዚህ የእኛን ልንገርሽ።

ቤትሽን አንዲት አስተማሪ ተከራይታዋለች። ደግ ሴት ናት፤ ብቻ አልጋሽ በነበረበት ቦታ መጻሕፍት ደርድራበታለች። ላምሽን አክስታችን ወሰደቻት። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ የሚቆርጠው የለም። እኔም እዚህ ደብረ ማርቆስ ደህና ነኝ እያልኩ ለሰው እናገራለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ስልኬን እጄ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ያ ሰዓት የአንቺ ነበር። ለስድስት በምናድርበት ክፍል ሁሉም ከእናቱ ጋር ሲያወራ፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ እመስላለሁ።

ብዕር ያነሣሁት የበገናውን ነገር ልነግርሽ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሥነ ጽሑፍ ደረሰኝ ብዬ ስነግርሽ፣ ማንበብ ከሆነማ ድሮም ታነብ የለ ወይ ብለሽ ሳቅሽብኝ። እዚያው የኪነት ቡድን ውስጥ ገብቼ ክራር መጫወት መጀመሬን ግን እንዴት ልንገርሽ? ገና ሙዚቃ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ድምፅሽ ተለወጠ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔን ለማስተማር ያልሆንሽው የለም፤ አገራችን አምበር ላይ ወንድሟ ተምሮ አዝማሪ ሆነ እንዳትባዪ ፈራሁ። በገና ነው የምማረው አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ለማኅበርተኞችሽ ሁሉ አወራሽ፤ ከዚያ በኋላ ቃሌን መመለስ አቃተኝ።

ኑሮዬ ደግሞ ሩጫ ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ ግጥም ስንተነትን እንውላለን፤ ከሰዓት ክራሬን ይዤ ወደ አዳራሽ። ልብ ወለድ አንብባችሁ ኑ ስንባል ሽፋኑን ብቻ አይቼ የገባሁበት ቀን አለ። ልምምድ ላይ ደግሞ ያልጻፍኩት የቤት ሥራ ትዝ ይለኝና ጣቴ ይሳሳታል። አንድ መምህራችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብለው በተማሪ ፊት አሾፉብኝ። ምን ላድርግ፣ ሁለቱንም እወዳቸው ነበር። ይህን ሁሉ የማጫውተው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ለአንቺም ግማሹን እየዋሸሁ።

በዐቢይ ጾም እስቲ በስልክ አሰማኝ አልሽ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። የክራሩን ክሮች ድምፃቸው እስኪወፍር ድረስ አላላኋቸው። በገና እንዲነዝር ከክሩ ሥር ቆዳ ይደረግበታል ሲሉ ሰምቼ ነበርና፣ አሮጌ ቀበቶዬን እየሰነጠቅሁ ከእያንዳንዱ ክር ሥር ወሸቅሁበት። ስልኩን አልጋ ላይ አስቀምጬ ቀስ እያልኩ መታሁት። አንቺ እትዬ የሻረግ ሱቅ ነበርሽ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ሴቶች እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርገሽዋል። ስታለቅሺ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ እኔም አለቀስኩ፣ ከእፍረት።

ክረምቱ ሳይገባ ታመምሽ። ደርሼ እጅሽን ስይዝ መናገር አቁመሽ ነበር። ልነግርሽ አስቤ ነበር ብዬ አሁን ራሴን አላታልልም፤ አላሰብኩም።

ለአርባሽ ስመጣ የንስሐ አባታችን እህትህን ያስለቀሰውን በገና ለእኛም አሰማን እንደሚሉኝ ጠርጥሬ፣ ደህናውን ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። እንደፈራሁትም ጠየቁኝ። ጣቴን አሳየኋቸው። እትዬ የሻረግ ከንፈራቸውን መጥጠው ቅቤ ይዘው መጡ፤ ጨርቁን ልፍታው ሲሉኝ ያመኛል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸውም አዝነው ከላይ ከላይ ቀቡልኝ። እስከ ማርቆስ ድረስ ሚኒባሱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ዓመቱን ሙሉ ክራር አልነካሁም፤ ሐዘን ነው ስል ሁሉም ገባቸው። ስለ ሙሾ ግጥም የጻፍኩት የጥናት ሥራ ከክፍሉ አንደኛ ሆነ። ወረቀቱን ይዤ ከመማሪያ ክፍሉ ወጣሁ፤ ማንን ልጥራና ልንገር? ግቢውን ሁለቴ ዞሬ ተመለስኩ።

ባለፈው እሁድ ሙት ዓመትሽ ነበር። ሰው በልቶ፣ ጸሎቱ አልቆ፣ ሊነሡ ሲሉ ቆምኩና ያ የሰማችሁት በገና አልነበረም፣ ክራር ነው፣ ለእህቴ ዋሽቻት ነው አልኩ። የንስሐ አባታችን መሬት መሬት አዩ። እትዬ የሻረግ ብቻ ጣትህስ ብለው ጠየቁኝ። ጣቴም ደህና ነበር አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ስሄድም አልሸኙኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኔ ሲጠራ ብርድ ይዞ መጣ። ቢሆንም ባልናገር ይሻል ነበር አልልም።

እታለም፣ ብቸኛ ያደረገኝ ሞትሽ ብቻ አይደለም። አንቺ የኮራሽበት በገና ደርዳሪ እኔ አልነበርኩም፤ ክራር መቺውን ወንድምሽን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላየሽውም። ብነግርሽ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ሁለት እሁድ ታኮርፊኝ ነበር። በሦስተኛው ትደውዪልኝ ነበር፤ አውቅሻለሁ። እኔ ሁለቱን እሁድ ፈራሁ።

ከእንግዲህ ስላንቺ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ያሳደገችኝ እህቴ ናት፣ ክራር እንደምጫወት ሳታውቅ ሞተች እላለሁ። ይህን ሳላሳምር እናገራለሁ፤ አልረሳሽምም። ምነው በኖርሽና በተቆጣሽኝ።

ወንድምሽ