አባቴ የመረቀው ማሽላ

«ዘፈን ካማረህ በስልክህ ስማ» ብለው ትናንት ላሰናበቱኝ ለኬላችን ኃላፊ ለክቡር አቶ ደረበ፤ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ በተለይ ማሽላዎ እንዴት ነው? እኛማ እርስዎ እያሉልን ምን እንሆናለን።

ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ግን ስልኬ ውስጥ ያለው ዘፈን ነው፣ አባቴ የለበትም። አባቴ አምባው ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሳሉግ፣ የወቅት ሠራተኛ ነበር፤ እዚሁ ወልዶ እዚሁ ተቀበረ። ታላቅ እህቴን ሲድር፣ ጉልበቱን ስትስም የመረቃትን ምርቃት ከድልድዩ ማዶ፣ ሱዳን የነበረው ወዳጁ አብዱረሕማን፣ ሁለት ትልልቅ የክር መንኮራኩር በሚሽከረከርበት የጥንት ቴፑ ቀድቶት ኖሯል። ልጁ ረቢዓ ጦርነቱን ሸሽታ ስትሻገር ልብሷን ትታ ቴፑን ከነክሩ ተሸክማ አመጣችልን። ታናሽ እህቴ የትናየት ደግሞ ጾም ሳይገባ፣ በፊታችን እሑድ ገለጉ ላይ ትዳራለች፤ የአባቴን ምርቃት ሳልሰማ ከቤት አልወጣም ብላለች። ነገሩ ይኼው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ፦ ቴፑን ወደ ገለጉ ስጭነው «የወርቅ መፈለጊያ ነው» ብላችሁ ስለያዛችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጥበቃዎችዎ ግቢውን ሙሉ ሲያዞሩት ውለው ቆርኪ እንኳ ስላላገኙ ከልብ አዝኛለሁ።

፪ኛ፦ «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» ስላሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከመተማ እስከ አብደራፊ እኔ ካሌብ እጄን አሳርፌበት ያልተነሳ ሞተር የለም! ገና ሳትይዙት በፊት የቴፑ ቀበቶ ተበጥሶ ነበር፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ሠራሁለት። ስከፍተው የአባቴ ድምፅ ደረቴ ላይ አረፈ። ስልክ እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ይኼ ግን ሰውዬው አጠገብዎ ተቀምጦ ሲተነፍስ ያሰማዎታል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት አስገብተው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ስላደረጉት ክብር ይስጥልኝ።

፫ኛ፦ ይኼኛው ምስጋና ትንሽ ይከብዳል። ትናንት ከቢሮዎ ስወጣ በጓሮ አለፍኩ። ወፍ እንዳይበላው ማሽላዎ ላይ የተወጠረውን ቡናማ ክር አየሁት፤ ነፋስ ሲነካው ዝዝዝ ይላል። ሌላው ገበሬ የካሴት ክር ነው የሚወጥረው፤ እርስዎ ግን ባለሥልጣን ስለሆኑ የሰው አባት ወጠሩ። አንድ ወፍ ዝር አላለም! አባቴ በሕይወቱም እንዲያው ነበር፣ የሰው እህል ሲጠብቅ ነው የኖረው።

እንግዲህ ክሩ ሳይበጠስና ሳይጠማዘዝ፣ በራስዎ እጅ ተጠቅልሎ ከቴፑ ጋር ይመለስልኝ። ጥበቃ እንዳይነካው፤ የተከበረ ዕቃ በተከበረ እጅ ሲጠቀለል ነው የሚያምርበት።

ከወገቤ ዝቅ፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣ የኬላዎ ደንበኛ
ካሌብ አምባው፣ መተማ

ማሳሰቢያ፦ እስከ ቅዳሜ ካልተመለሰልኝ ሰርጉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ፣ ከነከበሮው አምጥቼ ማሽላዎ መሃል አንበረክካታለሁ፤ የአባቷ ምርቃት ያለው እዚያ ነዋ። ዳስ አያስፈልገንም፣ ጥላዎ ይበቃናል። ይመልሳሉ ወይስ አይመልሱም? ዛሬውኑ ይንገሩኝ።